ሎክስ አይደለም፣ ኖቫ ነው

በብሮድዌይ ግራና ቀኝ በተኮለኮሉት አሮጌ ፎቆች ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ሕንፃ፣ እንደ በረሮ የማይጠፋ አንድ ሰው አለ፤ ሌላው ሰው የገዛ ዳቦውን በገዛ እጁ ሲቀባ አይቶ እንዳላየ ማለፍ የማይችል ሰው። ይህ ሰው ሌላ ክፉ አመል ላይኖረው ይችላል። ሐሜት አይወድ ይሆናል፣ ለጎረቤት ድመት ይራራ ይሆናል፣ ግብሩን በጊዜው ይከፍል ይሆናል። ቢላዋ ይዛችሁ ወደ ቤግል ስትጠጉ ካየ ግን ከወንበሩ ብድግ ይላል። ከዚያ በኋላ መሀሉ ቀዳዳ የሆነው ያ ክብ ዳቦ የእናንተ መሆኑ ቀረ።

ሃርቪ ሉቢን በሚኖርበት ሕንፃ ይህን ሥልጣን የያዙት ሚስተር ጁልየስ ብሮድኪን ናቸው። ክቡርነታቸው አምስተኛ ፎቅ፣ ሃርቪና ሚስቱ ሞና ደግሞ ልክ ከእሳቸው በላይ ስድስተኛ ፎቅ ይኖራሉ። እንደ ቤቱ አሠራር ከሆነ በሚስተር ብሮድኪን አናት ላይ የሚራመደው ሃርቪ ነው። በተግባር ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የመድኃኒት ቤት ጡረተኛው ሃርቪ ያን ሁሉ ዘመን የታችኛው ጎረቤቱ ሲራመዱበት ኖሯል።

ሚስተር ብሮድኪን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአሳንሰር ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሥራው ተጠናውቷቸው ደህና ሆኖ የተገኘ ነገር አያምኑም። አሳንሰሩ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ከወረደ፣ "ይኼ የደበቀው ነገር አለ" ብለው እንደገና ያስወጡትና ያስወርዱት ነበር። ጡረታ ሲወጡ አሳንሰሮቹ ከእጃቸው ወጡ፣ ቁጥጥሩ ግን አብሯቸው ቀረ። የሚያርፍበት ነገር ፈልጎ ፈልጎ ቤግል ላይ አረፈ።

እሑድ ረፋድ ላይ የሚስተር ብሮድኪን ቤት ክፍት ነው። ማለዳ ተነሥተው፣ ሃርቪን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ዕቃ አሸክመው፣ ከዘልማን የዓሣ ሱቅ ትኩስ ቤግልና በወረቀት የተጠቀለለ ሳልመን ዓሣ ይዘው ይመለሳሉ። ከዚያ ሥርዓቱ ይጀመራል። ቤግል ከምድጃ በወጣበት ቀን እሳት አይነካውም፤ "ትኩስ ዳቦ መጥበስ የታጠበ ሰው መልሶ ማጠብ ነው" ይላሉ። ክሬም አይቡ ከዳር እስከ ዳር ይዳረሳል፣ ቀዳዳውን ግን አይደፍንም። ዓሣው እንደ ብርድ ልብስ አይነጠፍም፣ እጥፍጥፍ ብሎ ይቀመጣል። ቲማቲም ሁልጊዜ ከዓሣው በታች ነው፤ ከላይ ከሆነ ተንሸራቶ ሸሚዝ ላይ ይወርዳል፣ ሸሚዝ ላይ የወረደ ቲማቲም ደግሞ የቤተሰብ ውርደት ነው። ኬፐር የምትባለው በሆምጣጤ የተዘፈዘፈች እንቡጥ አይቡ ውስጥ ተጭና ትቀበራለች፤ ምክንያቱም የምትንከባለል ነገር ምግብ ሳትሆን ኳስ ናት።

ይህን ሁሉ የሚናገሩት "እኔ ምንም አልናገርም፤ ግን…" ብለው ነው። ሃርቪ ይህን ሐረግ ሲሰማ ቢላዋውን ያስቀምጣል። ከ"ግን" በኋላ የሚመጣው ነገር ቡና ያቀዘቅዛል።

ከሥርዓቱ ሁሉ በላይ ግን አንዲት ቃል አለች። ሰዉ ቤግል ላይ የሚጋደመውን ሳልመን ሁሉ ጠቅልሎ "ሎክስ" ይለዋል። ሚስተር ብሮድኪን ይህን ሲሰሙ ጥርሳቸውን ያማቸዋል። ሎክስ ማለት በጨው ብቻ ተቀብሮ የከረመ፣ ጢስ በሩቁ እንኳ ያልሸተተው፣ የድሮ ሰዎች ከበርሜል እያወጡ ይበሉት የነበረ ዓሣ ነው። ዛሬ ሰዉ ሁሉ የሚበላው ደግሞ ኖቫ ነው፤ ጨው ለአመል ያህል ነክቶት በቀዝቃዛ ጢስ የታጠነ ለስላሳ ነገር። ሎክስ የሚበላ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቃሉ ብቻ ቀርቶ ኖቫ ላይ ተለጠፈ። የዘልማን ሱቅ ሠራተኞች እንኳ "ሎክስ ስጠኝ" ላላቸው ሁሉ ምንም ሳይሉ ኖቫ ይቆርጡለታል። ሚስተር ብሮድኪን ግን አያልፉም። "ሎክስ አይደለም፣ ኖቫ ነው" ይላሉ። ለአስተናጋጅ ይላሉ፣ ለታክሲ ነጂ ይላሉ፣ አንድ ጊዜ በስህተት ቁጥር ለደወለ ሰው ብለዋል።

አንድ ዓመት በማስተሰረያ ቀን፣ የምኩራቡ ሰው ሁሉ ከጀምበር እስከ ጀምበር ጾሞ፣ ማታ ጾሙን ሊፈታ የቤግሉን ጠረጴዛ ከብቦ ቆመ። ረቢው እጃቸውን ሰድደው ዓሣውን ቀድመው አንሥተው ኖሮ፣ ሚስተር ብሮድኪን ክንዳቸውን ያዝ አደረጉ።

"ረቢ፣ እኔ ምንም አልናገርም፤ ግን ቀኑን ሙሉ የታገሠ ሰው ቲማቲሙን እስኪያስቀድም መታገሥ እንዴት ያቅተዋል?"

"ሚስተር ብሮድኪን፣" አሉ ረቢው፣ "ኃጢአቴ ከተሰረየ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም። እባክዎ እንደ አዲስ አያስጀምሩኝ።"

የሐሞት ከረጢታቸው የወጣ ጊዜ ደግሞ ከማደንዘዣው ሲነቁ የመጀመሪያው ቃላቸው የሐኪሙን ስም መጠየቅ አልነበረም። የጎን አልጋው በሽተኛ የተላከለትን ቤግል ሲቀባ አይተው፣ "ወንድሜ፣ ቀዳዳውን ደፈንከው" ነው ያሉት። የሞና የእህት ልጅ ከካሊፎርኒያ መጥቶ እንዳይወፍር ብሎ የቤግሉን ለስላሳ ሆድ በጣቱ እየዛቀ ሲያወጣ፣ ሚስተር ብሮድኪን የተዛቀውን ፍርፋሪ በመሐረብ ሰብስበው ወጡ። ሲመለሱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። "ለእርግቦቹ ሰጠሁት" አሉ። "ቢያንስ እነሱ አዝነዋል።"

አሳንሰሩ ውስጥ የሆነው ግን ከሁሉም ይብሳል። አንድ የማይታወቅ ወጣት ዘቢብና ቀረፋ ያለበት ጣፋጭ ቤግል ላይ ዓሣ አድርጎ እየገመጠ ገባ። ሚስተር ብሮድኪን ቀዩን ቁልፍ ተጭነው አሳንሰሩን በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል አቆሙት።

"ልጄ፣ እኔ ምንም አልናገርም፤ ግን እናትህ ይህን ታውቃለች?"

ወጣቱ ቤት ሊከራይ የመጣ ነበር። ሳይከራይ ሄደ።

"ለምንድነው እሑድ እሑድ የምትሄደው?" ትለው ነበር ሞና ባሏን። "ትሰደባለህ፣ ትመጣለህ፣ ታማርራለህ። በሚቀጥለው ሳምንት ሸሚዝህን አስተኩሰህ ትወርዳለህ።"

"ዓሣው ጥሩ ነው" ይላል ሃርቪ። በሌሎቹ ቀናት ግን ሃርቪ ነፃ ሰው ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ከክረምት ካፖርቱ ሥር የደበቃትን የዳቦ መጥበሻ፣ ቶስተሯን፣ አውጥቶ ቤግሉን ጠብሶ፣ በሩን ቆልፎ ይበላል።

እስቴል ካሚንስኪ በጸደይ መባቻ ሦስተኛ ፎቅ ገባች። ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃ የሚወጣ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ችሎት ውስጥ ተቀምጣ ምስክርና ጠበቃ የሚለውን ቃል በቃል ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። ሞና እሑድ ሚስተር ብሮድኪን ቤት ይዛት ሄደች። እስቴል ተቀመጠች፣ ቤግሏን ቀባች፣ ዓሣውን አስቀመጠች፣ ከዚያም ቲማቲሙን ከዓሣው በላይ ጎዘጎዘችው።

ሃርቪ ቲማቲሙን አየ። ሚስተር ብሮድኪንም ቲማቲሙን አዩ። ሃርቪ ቢላዋውን አስቀምጦ ጠበቀ። ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያም "ሽንኩርት ልጨምርልዎት?" አሉ።

"ሞና፣" አለ ሃርቪ ጆሮዋ ሥር፣ "ሰውዬው ሊሞት ነው።"

"አይሞትም" አለች ሞና። "ወዶ ነው።"

እውነትም ወደው ነበር። ፂማቸውን በየቀኑ መላጨት ጀመሩ። ሃርቪን በአሳንሰር ሲያገኙት ስለ አየሩ ያወሩት ጀመር፤ እሳቸው ስለ አየር ሲያወሩ ሃርቪ ሰምቶ አያውቅም ነበር። አንድ ሐሙስ ደግሞ ሃርቪ ቆሻሻ ሊጥል ሲወርድ ደረጃው ላይ ጠብቀው ያዙት።

"እሑድ ልጠይቃት ነው።"

"ምን ብለህ?"

"አግቢኝ ብዬ ነዋ። ምን፣ የኪራዩን ልክ ልጠይቃት?"

"ጁልየስ፣ ቀስ በል እንጂ። ሴትዮዋ ገና ዕቃዋን አውጥታ አልጨረሰችም።"

"በኔ ዕድሜ ቀስ የሚባለው ደረጃ ላይ ነው።" የደረጃውን ብረት በጣታቸው መቱት፤ የላላ እንደሆነ ያዩ መሰሉ። "ባለቤቴ ሲልቪያ ከሞተች ወዲህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምበላው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሰርዲን። ከቆርቆሮው፣ የዕቃ ማጠቢያው ፊት ቆሜ። ለአንድ ሰው ጠረጴዛ አይዘረጋም፣ ሃርቪ።"

ሃርቪ የቆሻሻ ፌስታሉን ይዞ ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ከሚስተር ብሮድኪን አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ አንጀቱን በላው። "እንግዲያው እሑድ አፍህን ጠብቅ" አላቸው። "የፈለገችውን ታድርግ፣ ብቻ ዝም በል።"

"እኔ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?" አሉ ሚስተር ብሮድኪን፤ ከልባቸው ነው።

እሑድ ደረሰ። አበባ ጠረጴዛው ላይ አለ። እስቴል ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ ሁሉም ነገር እንደ ቅቤ እየሄደ ነው። ሚስተር ብሮድኪን ሁለቴ ሊናገሩ ተነሥተው ሁለቴ ተቀመጡ። በሦስተኛው ብድግ ሲሉ እስቴል ሳህኗን ገፋ አድርጋ በናፍቆት ዓይነት ተነፈሰችና፣

"ምነው፣" አለች፣ "ትንሽ ሎክስ ባገኝ።"

ሃርቪ በጠረጴዛው ሥር የሚስተር ብሮድኪንን እግር ፈልጎ ረገጠ። የረገጠው ግን የሞናን ነበር።

"ሎክስ አይደለም፣ ኖቫ ነው" አሉ ሚስተር ብሮድኪን።

"እኔ ያልኩት ሎክስ ነው።"

"ያሉትን ሰምቻለሁ። ማለት የፈለጉት ግን ኖቫ ነው። ይኸው ፊትዎ አለ። ሎክስ ማለት…" ብለው ጀመሩ። በርሜሉን አመጡ፣ ጨውን አመጡ፣ ጢስን አመጡ። ዓሣ በበረዶ ይጭኑ የነበሩ ባቡሮችን ሁሉ አመጡ። ሞና እግሯን ታሻለች፤ ሃርቪ አበባውን ያያል። ሚስተር ብሮድኪን ሲጨርሱ ላብ አጥምቋቸው ነበር፤ ደስ ብሏቸውም ነበር፣ ምን እንዳደረጉ ገና አላወቁም።

እስቴል መሐረቧን አጥፋ አስቀመጠች። "ሚስተር ብሮድኪን፣" አለች፣ "ዕድሜ ልኬን የሰው ቃል ስጽፍ ኖሬያለሁ። ሌባ ጽፌያለሁ፣ ቀጣፊ ጽፌያለሁ። አንድም ቀን ግን 'ማለት የፈለገው' ብዬ ጽፌ አላውቅም። ማለት የፈለግሁትን የማውቀው እኔ ነኝ።" ተነሥታ ወጣች። ሳቋ ደረጃውን አልወረደም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሚስተር ብሮድኪን የቆሙበት ቆመው ቀሩ፤ ሊጠይቁ የተነሡት ጥያቄ አፋቸው ውስጥ ነበር።

የሚቀጥለው እሑድ ጠረጴዛ አልተዘረጋም። ከዚያ ወዲያም አልተዘረጋም። እስቴል ሚስተር ብሮድኪን የቆሙበት አሳንሰር ሲመጣ በደረጃ ትወጣለች። የሕንፃው ሰው መጀመሪያ ዕረፍት መሰለው። ሃርቪ በማንም ሳይቀሰቀስ እስኪበቃው ተኛ፤ ቶስተሯን በቀን ብርሃን ጠረጴዛ ላይ አወጣ፤ ቤግሉን ጠበሰ፤ አይቡን ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀ፤ ቲማቲሙን ከሁሉ በላይ ከመረው። ገመጠ። ጠበቀ። ማንም ምንም አላለውም።

"ምን ሆነሃል?" አለችው ሞና።

"ጣዕም የለውም።"

"ጨው ጨምርበት።"

"ጨው አይደለም የጎደለው" አለ ሃርቪ፤ እንደ መናደድ ብሎ።

የባሰው ግን በዚያው ሳምንት መጣ። ሃርቪና ሚስተር ብሮድኪን አሳንሰር ውስጥ ሳሉ አንዲት ልጅ ገባች፤ በእጇ የዘቢብና የቀረፋ ቤግል፣ ላዩ ላይ ሳልመን፣ ከሳልመኑ ላይ ደግሞ፣ ሃርቪ ዓይኑን ማመን አቃተው፣ ማር። ሃርቪ ቀዩን ቁልፍ አየ። ሚስተር ብሮድኪን ግድግዳውን አዩ። አሳንሰሩ ያለ አንዳች ችግር ስድስተኛ ፎቅ ደረሰ። አምስተኛ ላይ መውረድ የነበረባቸው ሚስተር ብሮድኪን መቆሙንም አላወቁም።

"ሂድና አናግረው" አለች ሞና ይህን ስትሰማ። "ይኼ ሰው እየሞተ ነው፤ አሁንስ የምሬን ነው።"

ሃርቪ ወረደ። ሚስተር ብሮድኪን የዕቃ ማጠቢያው ፊት ቆመው ነበር፤ የሰርዲኑ ቆርቆሮ አልተከፈተም።

"ስማኝ፣ ጁልየስ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል። እሑድ ሞና እስቴልን ታመጣታለች። አንተ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ታደርጋለህ። ቃሏን ትላታለህ።"

"የትኛውን ቃል?"

"ታውቀዋለህ።"

ሚስተር ብሮድኪን ፊታቸው ገረጣ። "ኖቫውን…?"

"ኖቫውን ሎክስ ትለዋለህ። ሱቅም ሎክስ ብለህ ትገዛለህ፣ እንድትለማመድ። ጠረጴዛም ላይ ሎክስ ብለህ ታቀብላታለህ። ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ ማንም ሞቶበት አያውቅም።"

"ውሸት ነዋ፣ ሃርቪ።"

"ሰርዲኑ እውነት ነው፤ እሱን ብላ እንግዲያው።"

ሚስተር ብሮድኪን ቆርቆሮውን ረጅም ሰዓት አዩት። ከዚያ ከንፈራቸውን አሹለው "ሎ…" አሉ። "ሎ…" ውሃ ጠጡ። እስከ እሑድ ድረስ ሃርቪ በወለሉ በኩል ድምፃቸውን ይሰማ ነበር፤ ሲለማመዱ።

እሑድ ጠዋት የዘልማን ሱቅ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሚስተር ብሮድኪን የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ መነጽር ያስረጃል ብለው አውልቀው ኪሳቸው ከትተዋል። ተራቸው ሲደርስ ያ ስንት ዘመን ሲቆርጥላቸው የኖረው ዶሚኒካኑ ራሞን ቢላዋውን እያበሰ ፈገግ አለ። ራሞን እሳቸውን "ፕሮፌሶር" ነው የሚላቸው።

"ፕሮፌሶር፣ ጠፉ እኮ። ኖቫ፣ ጋዜጣ የሚያስነብብ ስስ አድርጌ?"

ሚስተር ብሮድኪን ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሎክስ" አሉ።

ሰልፉ ውስጥ የነበረች አሮጊት ዞር ብላ አየቻቸው። ራሞን ቢላዋውን አስቀመጠ። "ምን አሉኝ?"

"ሎክስ። ያልኩትን ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ። ሌላ ሰው ቢለው አልሰማም ነበር" አለ ራሞን፤ ባርኔጣውን አስተካክሎ ወደ ጓዳ ገባ። ቆየት ብሎ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣና በሁለት እጁ አቀበላቸው። አብሯቸው የተሰለፈው ሃርቪ ራሞን ሲገባና ሲወጣ አይቶታል፤ አዲስ ዓሣ ሊያመጣ ነው ብሎ ገመተ። ሚስተር ብሮድኪን ደግሞ ከአፋቸው የወጣው ቃል አስደንግጧቸው ወረቀቱን ገልጠው ማየት ትዝ አላላቸውም። ዕድሜ ልኩን ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ያልተቆጣጠረው አንድ ነገር ያ ጥቅል ነው።

እስቴል እጆቿን አጣምራ መጣች። ሞና "ይቅርታ ሊጠይቅሽ ነው" ብላ ስትጠራት፣ "እንግዲያው ቃል በቃል ልስማው" ብላ ነው የወጣችው። ተቀመጠች። ሚስተር ብሮድኪን ሳህኑን አነሡ።

"ወይዘሮ እስቴል፣" አሉ፣ "ሎክስ… ላቀብልዎት?"

እስቴል እጆቿን ፈታች። አንድ ቁራሽ አነሣች። ሃርቪም አነሣ፣ ሞናም አነሣች። ሃርቪ ሥራው ተሳካ ብሎ በደስታ አንድ ትልቅ ጉርሻ ገመጠ።

ጨው ነው። መጀመሪያ ጨው፣ ከዚያ ቀጥሎም ጨው። የሃርቪ ምላስ ታጥፎ ተጠቀለለ። ለሰው ሁሉ የደም ግፊት ኪኒን ሲሸጥ የኖረው ሃርቪ የገዛ ግፊቱ ጆሮው ውስጥ ሲወጣ ሰማው። ሞና ውሃዋን ጨርሳ የአበባውን ማስቀመጫ ታየው ጀመር። ሚስተር ብሮድኪን አኘኩ፣ ቆሙ፣ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉና ሳህኑ ላይ ጎንበስ አሉ።

"ሎክስ ነው" አሉ። "እውነተኛው። ራሞን… ሎክስ ብዬ… ሎክስ ሰጠኝ።" ወንበር ያዙ። "አትብሉት። ወይዘሮ እስቴል፣ ይቅርታ፣ እኔ ማለት የፈለግሁት…"

"እጅዎን ከሳህኑ ላይ ያንሡ" አለች እስቴል።

እስቴል እያኘከች ነበር። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ ሃርቪ የጨው መሰለው። አንድ ቁራሽ ጨረሰች፤ ሌላ አነሣች፤ ያለ ዳቦ አፏ ከተተችው።

"አባቴ ብራውንስቪል ሰፈር ውስጥ በርሜል ነበረው" አለች። "ሱቅ አይደለም፣ በርሜል። ክረምት ከበጋ እጁን እዚያ ውስጥ እንደነከረ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሲስመኝ ፀጉሬ ጨው ጨው ይል ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ የገባሁበት ሱቅ ሁሉ ሎክስ ስጡኝ ስል ያንን የታጠነ ለስላሳ ነገር ጠቅልለው ይሰጡኛል። ልጆቼም ባሌም 'ሎክስ ማለት ይኸው ነው' ይሉኛል። ጣዕሙን ረስቼው ይሆናል ብዬ ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ አባቴን የረሳሁ መስሎኝ ነበር።" እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "ሎክስ ስል ሎክስ ማለቴ ነበር።"

ሚስተር ብሮድኪን ቆመዋል። ሎክስን ከኖቫ ለይቶ ለማያውቅ ሕዝብ ሁሉ ስለዚያ ቃል ሲሰብኩ ኖረው፣ በመጨረሻ ቃሉን በትክክል የምትለው አንዲት ሴት ስትመጣ የሰበኩት ለእሷ ነበር። ሃርቪ ይህ ነገር ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየ። ሊያዝንላቸው ነበር፤ ሳቁ ቀደመው፤ ሳቁን በጨው ዋጠው።

"ወይዘሮ እስቴል፣" አሉ ሚስተር ብሮድኪን።

"እ?"

"እኔ ምንም አልናገርም፤ ግን…" አሉ። ቆሙ። አንገታቸው ቀላ። "ግን አግቢኝ።"

ሞና የአበባውን ማስቀመጫ ያዘች። እስቴል ትክ ብላ አየቻቸው፤ ችሎት ላይ ምስክር ሲያይ የኖረ ዓይን ነው። ከዚያም ያ ሳቅ መጣ፤ ደረጃውን ሞላው።

"ጁልየስ፣" አለች፣ "መጀመሪያ ዳቦዬን ጥበስልኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።"

ከባድ ነገር ነው የጠየቀችው። ቤግሉ ከምድጃ የወጣው በዚያው ጠዋት ነው። ሚስተር ብሮድኪን ቤቱን ዙሪያውን አዩ፤ በዚያ ቤት የዳቦ መጥበሻ ገብቶ አያውቅም። ወደ ሃርቪ ዞሩ።

"ሃርቪ፣ ቶስተርህን አምጣ።"

"ምን ቶስተር? እኔ ቶስተር የለኝም" አለ ሃርቪ፤ አፉ ለምዶበታል።

"ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለውን። ስንት ዘመን ሽታው በመስኮቴ ሲገባ የኖረውን።"

ሃርቪ ደነገጠ። "ታውቃለህ? እና ለምን አንድም ቀን ሳትናገረኝ ቀረህ?"

"ምን ልበልህ?" አሉ ሚስተር ብሮድኪን፤ ወደ ወለሉ እያዩ። "ብናገርህ እሑድ አትመጣም ብዬ ነዋ።"

ሃርቪ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ፤ በዚያ ጉልበቱ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ቶስተሯን ከካፖርቱ ሥር አውጥቶ፣ ገመዷ እየተጎተተ፣ ታቅፎ ወረደ። ሚስተር ብሮድኪን የእስቴልን ቤግል ከፍለው ከተቱት፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቁልፉን ተጫኑ፤ ዳቦው ዘልሎ እስኪወጣ ድረስ አልዞሩም። እስቴል ትኩሱን ዳቦ ሎክሱን አጋድማበት ገመጠች፤ ዓይኗን ጨፍና አኘከች፤ ዋጠች።

"እሺ፣" አለች፣ "ተነጋግረናል።"

ሚስተር ብሮድኪን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጠረጴዛውን ያዩ ጀመር፤ አበባውን አዩ፣ ቶስተሯን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸው የሃርቪ ሳህን ላይ ደርሶ ቆመ።

"ሃርቪ፣" አሉ፣ "እኔ ምንም አልናገርም፤ ግን ያ ቲማቲም…"

ሃርቪ ሳህኑን አየ። እውነትም ቲማቲሙ ከላይ ነበር። ደረቱ ላይ አንድ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማው፤ ሞና እንዳታይበት አንገቱን ደፋ። ቲማቲሙን አንሥቶ ከዓሣው በታች አደረገው፤ ከዚያም ያን ምላስ የሚያጥፍ ቤግል እስከ መጨረሻው ፍርፋሪ በላው።